ማንም ሄዶ ያላያቸው አገሮች
ስለ ክረምት የቤተ ሰብ ንባብ በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ከሻንቶ ከተማና በዙሪያዋ ካሉት ቀበሌዎች መጥተን በዚህ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ጥቂት ተማሪዎች ነን። የምናቀርበው አሳብ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይኸውም በመጪው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ ከቤተ ሰባችን ጋር የሳይንስ ልብ ወለድና ሌሎች የምናብ ድርሰቶችን በማንበብ እንድንወዳደር ነው። አሳቡን አስቀድመን ያካፈልናቸው አንዳንድ ወዳጆቻችን ስቀውብናል። «ገበሬው በማዳበሪያ ዋጋ ሲጨነቅ እናንተ ስለ ጨረቃ ሰዎች ልታነቡለት ነው?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና ንግግራችን በሙሉ ለእርሱ መልስ እንዲሆን እንፈልጋለን።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ ቤታችን እንናገር። ሻንቶ በወላይታ ዞን የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአንድ የሻንቶ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ትውልድ አብሮ ይኖራል። አያት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተምረው እንደ ሆነ ወላይትኛን የሚያነቡት በግዕዝ ፊደል ነው፤ ወላይትኛ ዘመቻው ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበርና። አባትና እናት ትምህርት ቤት ገብተው እንደ ሆነ የተማሩት በአማርኛ ነው። የልጅ ልጅ ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በመጣው ሥርዓት ያንኑ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ይማራል፤ ክፍሉ ከፍ ሲል መጻሕፍቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆኑበታል። እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ ምድጃ ዙሪያ የተቀመጡ፥ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፥ አንድ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን አያት የጻፉትን የልጅ ልጅ አያነብም፤ የልጅ ልጅ የጻፈውን አያት አያነቡም።

ይህ ጉዳይ በአገራችን የዋዛ ጉዳይ እንዳልሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የወላይታን፥ የጋሞን፥ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አደባልቆ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ለልጆች በታደለ ጊዜ በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ታላቅ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት እስከ መጥፋት ደርሷል። መጽሐፉም ከትምህርት ቤት ወጣ፤ ቆይቶም ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ይህን የምናነሣው የቆየ ቍስል ለመንካት አይደለም። ሕዝባችን ልጁ ስለሚያነበው መጽሐፍ ግድ የለውም የሚል ሰው ቢኖር መልስ እንዲሆነው ብለን ነው። ግድስ አለው። የጎደለው መጽሐፉ በቤቱ ውስጥ የሁሉም የሚሆንበት መንገድ ነው።

ዛሬ መጽሐፍ ወደ ቤታችን ሲገባ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ወደ ጥግ ይሄዳል። የቀረው ቤተ ሰብ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ «ልጁ እያጠና ነው» ይባላል። ይህ ክብር ነው፤ ግን ደግሞ መለያየት ነው። ልጁ በተማረ ቍጥር ከምድጃው ይርቃል። ከዓመት ወደ ዓመት የሚነግራቸው ነገር ያንሳል፤ የሚጠይቁትም ነገር ያንሳል። በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለዕረፍት ሲመለስ እንግዳ ይሆናል፤ ወንበር ይለቀቅለታል፥ ምግብ ይቀርብለታል፥ ጨዋታ ግን አይቀርብለትም። ከእኛ መካከል ይህን ያላየ ማን ነው?

መጽሐፍ እንዲህ የሚለያይ ብቻ ነውን? አይደለም። ከራሳችን አገር ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ፤ የምንጠቅሰውም ሃይማኖትን ለመስበክ ሳይሆን ስለ ንባብ የሚያስተምረን ነገር ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የጣሊያን ወራሪ የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች ከ50 ያነሱ ነበሩ። በእጃቸው የቀረው ወደ ወላይትኛ የተተረጐመ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነበር። ማንበብ የሚችሉትም ጥቂቶች ነበሩ። ነገር ግን አንዱ ሲያነብ ብዙዎች ያዳምጡ ነበር፤ ያዳመጠውም ለሌላው በቃሉ ይነግር ነበር። ወራሪው ከተባረረ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ አማኞቹ በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ቈዩአቸው። ስለ እምነቱ ያለን አስተያየት የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለ ንባቡ ግን የምንማረው አንድ ነው፤ በወላይታ መጽሐፍ የተስፋፋው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጮኾ ማንበብ ጥሩ ከሆነ የጤና ወይም የግብርና መጽሐፍ ለምን አናነብም? እናነባለን፤ አንቃወምም። ነገር ግን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ይዘን አባታችን ፊት ስንቀመጥ ወዲያው አስተማሪዎች እንሆናለን፤ እርሳቸውም ተማሪ ይሆናሉ። የኬሚስትሪ መጽሐፍ ስንከፍት አያታችን ከቶ የሚናገሩት ነገር አይኖራቸውም። የምናብ ድርሰት ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ማንም ሄዶ ስላላየው አገር ሲነበብ በቤቱ ውስጥ አዋቂ የለም። ድንክዬዎች ወደሚኖሩበት ደሴት ዲግሪ ያለው አልሄደም፥ ፊደል ያልቈጠረውም አልሄደም። ሁሉም እኩል እንግዳ ነው። እንዲያውም በዚህ በኩል አያቶቻችን ይበልጡናል። ጅብና ጦጣ ሲማከሩ፥ አንበሳ ፍርድ ሲሰጥ በተረት ያሳደጉን እነርሱ ናቸውና፥ የሌለ ዓለም በምን ሕግ እንደሚሠራ ከእኛ በፊት ያውቃሉ። የምናብ ድርሰትን የመረጥንበት ምክንያት ይህ ነው። ከመጻሕፍት ሁሉ ያልተማረውን ሰው ዝም የማያሰኝ እርሱ ነው።

«ግን እኮ ሐሰት ነው» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። በቤታችንም ሰምተነዋል፤ አባቶቻችን ቁም ነገረኞች ናቸው። ለዚህ መልሱ በራሱ በአማርኛው ቃል ውስጥ ይገኛል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፥ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ፥ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ዛሬ ጦቢያ በሚለው ስም የምናውቀው ነው። ስያሜው ከዚያ ወዲህ የድርሰቱ ዓይነት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ልብ የወለደው ማለት ነው እንጂ አፍ የቀጠፈው ማለት አይደለም። ሐሰተኛ ሰው እንድናምነው ይለምነናል። ልብ ወለድ ደራሲ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ልብ የወለደው መሆኑን ነግሮን፥ እንድናምን ሳይሆን እንድናስብ ይጠይቀናል።

ነገሩም ከፈረንጅ አገር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በ14ኛው ምዕተ ዓመት በግዕዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ንጉሥ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ስጦታ መካከል በባሕር ላይ የሚሄድ ዕቃና በነፋስ ላይ የሚሄድ ዕቃ እንደ ነበረ ይናገራል። ታሪክ ነው ወይስ ምሳሌ የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት እንተወው። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ አየር ላይ የሚሄድ መጓጓዣ በአገራችን ብራና ላይ ሲጻፍ አውሮፕላን ከመሠራቱ በፊት ገና ስድስት መቶ ዓመት ያህል ይቀር ነበር።

በረራን ካነሣን ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ» የሚባል ድርሰት አሳተመ። ታሪኩ የሚጀምረው በአማራ አገር በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ስለ ተዘጋበት የሐበሻ ልዑል በመተረክ ነው። በዚያ ሸለቆ ውስጥ አንድ ብልኅ ሠራተኛ ለመብረር የሚያስችል ክንፍ ሊሠራ ይነሣል። ልዑሉ ጥበቡ ለሰው ሁሉ ቢዳረስ ምንኛ መልካም ነው ሲለው፥ ሠራተኛው አይሆንም ይላል። ሰው ሁሉ ደግ ቢሆን ኖሮ በደስታ ባስተማርሁ ነበር፤ ነገር ግን ክፉዎች እንዳሻቸው ከሰማይ መውረድ ከቻሉ ደጎች በምን ይጠበቃሉ? የሚል አሳብ ያቀርብለታል። አንድ ዓመት ለፍቶ ክንፉን ይጨርስና ከገደል ላይ ሲዘል ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። በአየር ላይ ያልያዘው ክንፍ በውኃ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ልዑሉም ጐትቶ ያወጣዋል።

ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ የመለሱት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ናቸው። ትርጉሙ ለንባብ የበቃው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነበር። እስቲ አስቡት። በ1928 ዓ.ም. የወራሪው አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሠራዊትና መንደር ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ያወረዱት የጆንሰን ሠራተኛ ያን ሥጋት ከተናገረ ከ177 ዓመት በኋላ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም፤ አውሮፕላንም አላየም። ነገር ግን በሐሳቡ የሠራው ሰው የጠየቀው ጥያቄ የእኛው ጥያቄ ሆኖ መጣ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሐሰት ነው ብሎ መጣል ይቻላልን?

ተስፋም እንዲሁ በምናብ ይጀምራል። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ድርሰት ሦስት ሰዎች ከፍሎሪዳ ምድር በታላቅ መድፍ ወደ ጨረቃ ሲተኰሱ አሳየ። ከ104 ዓመት በኋላ፥ በሐምሌ 1961 ዓ.ም.፥ ሦስት ሰዎች ከዚያው ከፍሎሪዳ ተነሥተው ሁለቱ ጨረቃን ረገጡ። በመድፍ አልሄዱም፤ ደራሲው በመንገዱ ተሳስቷል፥ በምኞቱ ግን አልተሳሳተም። በአገራችንም የመጀመሪያዋ ሳተላይት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ተነሥታ ወደ ሰማይ ወጥታለች። የሻንቶ ልጅ ይህን ዜና ሲሰማ የሌላ ሰው ዜና ሆኖ እንዲሰማው አንፈልግም።

የምናብ ድርሰት ስለ ማሽን ብቻ እንዳልሆነም እናስታውስ። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተሙት «አልወለድም» በተባለው መጽሐፍ በእናቱ ማሕፀን ያለ ፅንስ በግፍ ወደ ተሞላ ዓለም አልወጣም ብሎ ይከራከራል። ፅንስ አይናገርም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን መጽሐፉ ሳይሰነብት በመንግሥት ታገደ። ሐሰትን ማንም አያግድም፤ የታገደው የፅንሱ ጥያቄ እውነተኛ ስለ ነበረ ነው። ደግሞም «ፍራንከንስታይን» የተባለውን፥ ሳይንስ በሠራው ፍጡር ላይ ያለበትን ኃላፊነት የሚጠይቀውን ድርሰት ሜሪ ሼሊ መጻፍ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1818 ሲታተም ገና 20 ዓመቷ ነበር። ከእኛ ከብዙዎቻችን ታንስ ነበር ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ነገሩን በየቤታችን ሞክረነዋል። ያየነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። ስለ ክንፍ ሠሪው ሰው በወላይትኛ በተነገረ ጊዜ የአንዳችን አያት እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰምተው፥ «ይህ ሰው ዓመት ሙሉ ክንፍ ሲሠራ ምግቡን ማን ያበስልለት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሳቅን። ቀጥለን ስናስበው ግን ጆንሰንም ያልጠየቀው ጥያቄ ሆኖ አገኘነው። ያን ማታ በቤቱ ውስጥ ስለ ሴቶች ድካም የተነሣው ጭውውት በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ከሰማናቸው ክርክሮች አይተናነስም ነበር። በሌላ ቤት ደግሞ ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1726 ካሳተመው ከጉሊቨር ጉዞ፥ ድንክዬዎቹ እንቁላል በየትኛው ጫፍ ይሰበር በሚል ጦርነት የሚማዘዙበት ክፍል ተነገረ። አባት ጥቂት ካሰቡ በኋላ፥ «እኛስ በፊደል የተጣላነው ከዚህ በምን ይለያል?» አሉ። መልስ አልሰጠንም። ይለያል የሚሉም ነበሩ፤ ቋንቋ እንቁላል አይደለም አሉ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቈየ። ከዚያ በፊት ያ አባት ስለ ልጃቸው ትምህርት የሚጠይቁት «ስንት አመጣህ?» ብለው ብቻ ነበር።

ስለዚህም ለመጪው ክረምት የሚከተለውን ደንብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ውድድሩ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጊፋታ ይሆናል። ጊፋታ በመስከረም አጋማሽ ገደማ የሚውል የወላይታ አዲስ ዓመት ስለ ሆነ፥ ዘመድ ሁሉ በሚሰበሰብበት ቀን ውጤቱን መስማት ይገባል።

ሁለተኛ፤ በእያንዳንዱ ቤት የሚነበቡት ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ኢትዮጵያዊ የጻፈው ወይም የተረጐመው፥ ሁለተኛው የውጭ አገር ደራሲ ድርሰት፥ ሦስተኛው ግን ገና ያልተጻፈ መጽሐፍ ነው። ይኸውም ከቤቱ ሽማግሌ ወይም ባልቴት አፍ የሚሰማና ተማሪው በጽሑፍ የሚያሰፍረው ተረት ነው። በግዕዝም በላቲንም ፊደል ይጻፍ፤ በዚህ ሁሉም እንዲያነበው ይሆናል።

ሦስተኛ፤ በልብ የተነበበ አይቈጠርም። መጽሐፉ ጮኾ ይነበባል፤ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ከሆነም በየገጹ በወላይትኛ ይነገራል። ይህ ለተማሪው ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ያልገባንን ነገር በእንግሊዝኛ ሸምድደን ፈተና ማለፍ እንችል ይሆናል፤ ያልገባንን ነገር ለእናታችን በወላይትኛ መንገር ግን ከቶ አንችልም።

አራተኛ፤ አዳማጭ የማቋረጥ መብት አለው። ነጥብ የሚሰጠውም ላነበበው ሳይሆን ለጠየቀው ነው።

አምስተኛ፤ አሸናፊው ብዙ ገጽ የጨረሰው ቤት አይደለም። በጊፋታ ዕለት ከየቤቱ ማንበብ የማይችል አንድ ሰው ተነሥቶ ከሰማቸው ታሪኮች አንዱን ለእንግዶች ይተርክ። ታሪኩ በጎረቤት ልጆች አፍ ላይ የቀረለት ቤት እርሱ አሸናፊ ነው።

መጽሐፉ ከየት ይመጣል ለሚሉን፥ ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ነገር ግን መፍትሔ የሌለው አይደለም። «ኢትዮጵያ ታንብብ» የተባለውን ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2005 በአዋሳ መጻሕፍትን አህያ በሚጐትተው ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ልጆች ማድረስ ጀምረው ነበር። እኛ አህያም አያሻንም። ለእያንዳንዳችን ሁለት መጽሐፍ በሻንጣችን ይበቃናል፤ አንዱ ቤት የጨረሰውን ለሌላው ያሳልፋል። መምህራኖቻችንን የምንለምነው ከመደርደሪያቸው የቈዩትን ለሁለት ወር እንዲያውሱን ነው። ቆጮ ሲበላ የተነካ ገጽ ቢገኝበት እንዳይቈጡ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ፈተናስ? ይህ የወላጆቻችን ዋና ጭንቀት ነው፤ ተገቢም ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ተረት በማንበብ ብቻ ይድናል ብለን አንሳለቅባችሁም። ነገር ግን አንድ ልጅ መጽሐፍን የሚያውቀው በፈተና ፍርሃት ብቻ ከሆነ፥ ፈተናው ያለፈ ዕለት መጽሐፉን ይጥለዋል፤ የወደቀ ዕለት ደግሞ ይጠላዋል። በምድጃ ዳር የተወደደ መጽሐፍ ግን ከፈተና በፊትም በኋላም ይኖራል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመልሰን መልሳችንን እንስጥ። የማዳበሪያ ዋጋ የከበደው ገበሬ አባታችን ነው። ችግሩን በልብ ወለድ አናቀልለትም። ነገር ግን ማንም ከተማ ገብቶ የተማረ ሰው ስለ ማዳበሪያው፥ ስለ መሬቱ፥ ስለ ልጆቹ ሲወስንለት፥ «ይህ ነገር ሌላ መልክ ሊኖረው አይችልምን?» ብሎ የሚጠይቅ አእምሮ ያስፈልገዋል። የምናብ ድርሰት የሚያስተምረው ትምህርት ይህ አንዱ ነው፤ ያለው ዓለም ሊሆን ከሚችሉት ዓለሞች አንዱ ብቻ መሆኑን ነው። እኛም ልጆቹ ይህን ጥያቄ ለብቻችን በዩኒቨርሲቲ ተምረን ብቻችንን ብንይዘው፥ ነገ በእርሱ ላይ ከሚወስኑት መካከል እንቈጠራለን እንጂ ከእርሱ ጋር አንቈጠርም።

የምዝገባው ወረቀት በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ከወላይታ ላልሆናችሁም ክፍት ነው፤ ከጎንደርም፥ ከወለጋም፥ ከሐረርም የመጣችሁ በየቋንቋችሁ ብትጀምሩት ደንቡን በደስታ እንሰጣለን። ስማችሁን ስትጽፉ የእናንተን ብቻ አትጻፉ፤ በቤታችሁ ውስጥ የሚያዳምጠውንም ሰው ስም አብራችሁ ጻፉ። ውድድሩ የእርሱ ነውና።